የጠላው ጋን ውስጥ ያሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች

አክስቴ ጠላ ስትጠምቅ ብዙ አታወራም። ገብሱ ውሃ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ይጠነፈፍና በኮባ ተሸፍኖ ጥግ ይቀመጣል። ከዚያ በየቀኑ ኮባውን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። ነጫጭ ሥሮች ብቅ ብቅ ሲሉ አንድ ሁለቱን ፍሬ በጥርሷ ትሞክራለች። "ገና ነው" ካለች መልሳ ትሸፍነዋለች። "ደርሷል" ካለች ቶሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንዴ ለቅሶ ሄዳ ቆይታ ስትመለስ ቡቃያው ተንዘላዝሎ ጠበቃት። "በቃ፣ በላው" አለችና ለበጎቹ ሰጠችው።

ማን ምኑን እንደበላው ያኔ አልጠየቅኳትም። ለካ የበላው ቡቃያው ነው። የተበላው ደግሞ እሷ ለጠላው የፈለገችው ስኳር።

የገብስ ፍሬ ውስጥ ትንሽዬ ሽል አለ፤ ነገ ገብስ የሚሆነው እሱ ነው። የቀረው አብዛኛው ስታርች ነው፣ ለሽሉ የተቋጠረ ስንቅ። ስንቁ ግን እንዳለ አይበላም፤ መጀመሪያ ወደ ስኳር መፍረስ አለበት። ፍሬው ውሃ ሲጠጣ ሽሉ ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ሆርሞኑ ስታርቹን የከበበው ስስ ሽፋን ጋ ይደርሳል። ሽፋኑ በሕይወት ባሉ ሴሎች የተሠራ ነው፤ ገብስ ላይ ሦስት ረድፍ ያህል ይሆናል። እዚያ ጠፍተው የነበሩ ጂኖች ይበራሉ፤ አሚሌዝ የተባለው ስታርች ቆራጭ ኢንዛይም መመረት ይጀምራል። አክስቴ በጥርሷ የምትፈልገው ይህችን ሰዓት ነው። ቆራጩ ተሠርቷል፣ ቡቃያው ግን ስንቁን ገና አላሟጠጠም። ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ቡቃያው ይሞታል፤ ኢንዛይሙ ይተርፋል።

ጋኑ ውስጥ ሁለተኛ ባለጉዳይ አለች፤ እርሾ። እርሾ ስል የእንጀራውን ውሃ ማለቴ አይደለም። በዓይን የማትታየውን ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ማለቴ ነው። እሷ ስታርች መብላት አትችልም። የገብሱ ስንቅ ካልተከፈተላት ጾሟን ታድራለች።

ገብሱም እርሾዋም እግር የላቸውም። ፀሐይ ሲከር፣ ውሃ ሲጠፋ፣ ጨው ሲበዛ የትም አይሸሹም። ያላቸው አማራጭ ሁለት ነው፦ አሁን ማደግ፣ ወይም እድገቱን አቁሞ ክፉ ቀንን ማሳለፍ። ይህ ውሳኔ የሚሰጠው በጂኖቻቸው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው።

ጂን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው "አለው፣ የለውም" በሚል ነው። ድርቅ የሚችል ጂን አለው፣ የለውም። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ቀላል ነበር። የገብሱ ሥርም ቅጠሉም የያዙት አንድ ዓይነት ጂን ነው። ልዩነቱ የትኛው በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል የሚለው ነው። ጂን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ ነው እንበል። ከመመሪያው አጠገብ ማብሪያ አለ፤ እሱም ራሱ ዲኤንኤ ነው። ማብሪያውን የሚጫነው ጣት ሌላ ፕሮቲን ነው። ጣቱን የሚያዝ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ እሱንም የሚያዝ ሌላ። በአጭሩ ቢሮክራሲ ነው። ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጉዳይ የሚጨርስ ቢሮክራሲ።

የእርሾ ጂኖች 6,000 ገደማ ናቸው። ሙሉ ዝርዝራቸው የወጣው በ1996 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኒውክሊየስ (ጂኖቹ የሚቀመጡበት የሴሉ ክፍል) ካላቸው ፍጥረታት እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዕፅዋት የቀደመችው አራቢዶፕሲስ ናት፤ የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም። የእሷ በ2000 ተጠናቀቀ፤ ከ25,000 በላይ ጂን አላት። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው። አረሟ በለጠችን። እኛ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልገን መሄድ ስለምንችል ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አሁን ወደ ጨው እንሂድ። የመጀመሪያው ዳቦዬ ድንጋይ ሆኖ ነው የወጣው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የፓኬት እርሾውንና ጨዉን አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በጠበጥኳቸው። ጎረቤቴ አይታ "ጨውና እርሾ አንድ ላይ? ገደልካት እኮ!" አለችኝ። ልክ ነበረች።

ጨዋማ ውሃ ውስጥ የገባች እርሾ ውሃዋ ወደ ውጭ ይሳባል። በሰከንዶች ውስጥ ትኮማተራለች። ቆዳዋ ላይ ይህን የሚያውቅ ፕሮቲን ተተክሏል፤ ኤስኤልኤን-1 ይባላል። መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሆግ-1 የሚባል ፕሮቲን ጋ ይደርሳል። ሆግ-1 በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኒውክሊየሱ ይገባል፤ ግሊሰሮል የሚሠሩትን ጂኖች ያበራል። ግሊሰሮል ለእጅ ቅባት የምንጠቀምበት ያው ግሊሰሪን ነው። ሴሏ ውስጥ ሲጠራቀም ከውጭው ጨው ጋር ይመጣጠናል፤ ውሃም ተመልሶ ይገባል። ግሊሰሮሉ ሾልኮ እንዳይወጣም መውጫ በሩ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ዳቦ ሊያስነፋ ይችል በነበረ ስኳር ነው። ጨዉ መጠነኛ ከሆነ ሊጥህ ዘግይቶ ይነሳል። እንደኔ ብርጭቆ ከሆነ ግን ጭራሽ አይነሳም።

ሆግ-1 የታወቀው በ1993 ነው። ከዚያ ወዲያ የታየው ነገር ግን ከግሊሰሮሉ በላይ ይገርመኛል። ሥራው ሲያልቅ ሆግ-1 ከኒውክሊየሱ መውጣት አለበት። ካልወጣ እርሾዋ ትሞታለች። ጨው አይደለም የሚገድላት፤ ጨው በሌለበት የማይጠፋው የጨው ማንቂያ ነው። እንዴት ታወቀ? ኤስኤልኤን-1 በደህና ቀን ሥራው ሆግ-1ን ይዞ ማስቀመጥ ነው። ተመራማሪዎች የኤስኤልኤን-1ን ጂን ሲያወጡት የሚይዘው ጠፋ። ማንቂያው ሌት ተቀን ጮኸ። እርሾዋ በምቾት መሃል ሞተች።

ይህች ሟች እርሾ በኋላ ለዕፅዋት ሳይንስ ትልቅ ውለታ ዋለች።

ዕፅዋት ሳይቶካይኒን የሚባል ሆርሞን አላቸው። ሴል እንዲከፋፈል፣ ቡቃያ እንዲወጣ የሚያዝ፣ በግልጽ የእድገት ሆርሞን ነው። በ1950ዎቹ ተገኝቶ ለአርባ ዓመት ያህል ማን እንደሚቀበለው አልታወቀም ነበር። ሆርሞን ደብዳቤ ከሆነ የፖስታ ሳጥኑ ጠፍቶ ነበር። በ2001 ጃፓን ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ከአራቢዶፕሲስ አንድ የተጠረጠረ ጂን ወሰዱ። ኤስኤልኤን-1 የሌላት እርሾ ውስጥ አስገቡት። እርሾዋ ሞተች። ሳይቶካይኒን ጠብ አደረጉላት፤ እርሾዋ አደገች። ሳይቶካይኒን ሲነሳ ትሞታለች፣ ሲሰጥ ትኖራለች።

ቆም ብላችሁ አስቡት። እርሾ ሳይቶካይኒን የሚባል ነገር በሕይወቷ አያስፈልጋትም። የዕፅዋቱ ተቀባይ ግን እርሾዋ ጨው የምታውቅበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ሆርሞኑን ሲይዝ መልእክቱን ለእርሾዋ ሠራተኞች አቀበለ፤ እነሱም ሆግ-1ን ያዙት። እርሾና ዕፅዋት ከተለያዩ ከቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንዷ "ጨው በዛ" የምትልበት ሽቦ በሌላዋ "እደጊ" የሚባልበት ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ይህን ሥሪት ከባክቴሪያ ጋር ይጋራሉ። እኛ እንስሳት የለንም። መጽሐፍ ላይ ችግርን መቋቋምና እድገት ለየብቻ ምዕራፍ ይሰጣቸዋል፤ ሴል ውስጥ ግን ያን ያህል የተለያዩ አይመስለኝም።

እርሾን የሚያስጨንቃት ጨው ብቻ አይደለም። ሙቀት አለ፣ ረሃብ አለ፣ ራሷ የሠራችው አልኮል አለ። ለሁሉም የሚነሳ የጋራ ዘብ አላት፤ ኤምኤስኤን-2 ይባላል። ስኳር ሞልቶ በተረፈ ጊዜ ይህ ፕሮቲን ከኒውክሊየሱ ውጭ ታግዶ ይቆያል። ችግር ሲመጣ ይገባል፤ ኤ-ጂ-ጂ-ጂ-ጂ የሚል ባለ አምስት ፊደል ጽሑፍ ያለበትን ማብሪያ እየፈለገ ይጫናል። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት እርሾን በብዙ ዓይነት ችግር ፈትኖ ነበር። ችግሩ ምንም ይሁን ምን 900 ገደማ ጂኖች አንድ ዓይነት ምላሽ ሰጡ። 300 ያህሉ በሩ፤ 600 ያህሉ ጠፉ። ከሚበራው የሚጠፋው እጥፍ ነው። ከሚጠፉት አብዛኞቹ ፕሮቲን ማምረቻውን ፋብሪካ የሚገነቡ፣ የእድገት ጂኖች ናቸው። ለክፉ ቀን መዘጋጀት ማለት በብዛት ሥራ ማቆም ነው ማለት ነው። የቤት ኪራይ ሲጨምር እኛስ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው?

ምላሹ የጋራ መሆኑ ሌላ ጥቅም አለው። ትንሽ ሙቀት የቀመሰች እርሾ በኋላ የሚመጣውን ብርቱ ሙቀት ትችላለች፤ አልኮልንም የበለጠ ትችላለች። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አንዳንዶቹ ምንም ሳይመጣ መዘጋጀታቸው ነው። ከአንዲት እናት የወጡ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ፣ እዚያው ስኳር ውስጥ የሚዋኙ እርሾዎች መሃል ቀስ ብለው የሚያድጉ ሰነፎች አሉ። በ2012 የታተመ ሥራ እንዳሳየው እነዚህ ሰነፎች ትሬሃሎስ ከተባለው መከላከያ ስኳር ሥራ ጋር የተያያዘ አንድ ፕሮቲን በብዛት ይዘዋል። ድንገት ሙቀት ሲለቀቅባቸው ፈጣኖቹ ያልቃሉ፣ ሰነፎቹ በብዛት ይተርፋሉ። በደህና ቀን ቢሆን ፈጣኖቹ ናቸው የሚያሸንፉት። ቤተሰቡ እንዳለ ግን በሁለቱም በኩል ተወራርዷል።

ከጓሮ ጎመን ተክላችሁ ከሆነ የዕፅዋቱን ደግሞ በዓይናችሁ አይታችኋል። ስድስት ሰዓት ላይ ጎመኑ ጆሮውን ጥሎ ይተኛል። ማታ ሄዳችሁ ስታዩት ቀጥ ብሏል። ውሃ ያጠጣው ሰው የለም።

ቅጠል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። እያንዳንዱ ቀዳዳ በሁለት ሴል የተከበበ ነው፤ ሁለት ከንፈር በሏቸው። ከንፈሮቹ ውሃ ሲሞሉ ይነፉና አፉ ይከፈታል። ውሃ ሲለቁ ይላላሉ፤ አፉ ይዘጋል። ውሃ ሲያጥር የሚዘጋቸው ሆርሞን አብሲሲክ አሲድ ነው። ውስጡ ባለ ሦስት ሰው ድራማ አለ። ኤስኤንአርኬ-2 የሚባል ሠራተኛ ሁሌም ለሥራ ዝግጁ ነው፤ አንድ ተቆጣጣሪ ግን እጁን ይዞታል። ሆርሞኑ መጥቶ ተቀባዩ ውስጥ ሲገባ ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጥና ተቆጣጣሪውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። የሠራተኛው እጅ ነጻ ይወጣል። ቀዳዳውን ያዘጋል፤ ወደ ኒውክሊየስም መልእክት ልኮ የድርቅ ጂኖችን ያስበራል። ተቀባዩ የታወቀው በ2009 ነው፤ ሁለት ቡድኖች በተናጠል ደረሱበት። የሠራተኛው ስም ደግሞ "የኤስኤንኤፍ-1 ዘመድ" እንደማለት ነው። ኤስኤንኤፍ-1 ማነው? ስኳር ሲያልቅባት እርሾን ወደ ሌላ ምግብ የሚያዞራት ፕሮቲን። እንደገና ያው ቤተሰብ።

የተዘጋ አፍ ዋጋ አለው። ውሃ አይወጣም፣ ግን ቅጠሉ ስኳር የሚሠራበት አየርም አይገባም። ጎመኑ ቀኑን ተረፈ እንጂ አላደገም።

ይኸው አብሲሲክ አሲድ ዘር ላይ ሌላ ሥራ አለው፤ ሽሉን "ተኛ" ይለዋል። የአክስቴ ገብስ ውስጥ ጂበሬሊን "ተነስ" ሲል አብሲሲክ አሲድ ተቃራኒውን ይላል፤ አሚሌዙን ያዘጋል። ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲጥል ያልታጨደ ስንዴ ወይም ገብስ እዛላው ላይ እንዳለ የሚበቅለው "ተኛ" የሚለው ድምፅ ቶሎ ስለደከመ ነው። ገበሬው ሳይወድ በግድ ማሳው ላይ ብቅል አበቀለ ማለት ነው።

ታዲያ ድርቅ የሚችል ሰብል ለመሥራት የድርቅ ጂኖቹን ማብራት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ተሞክሯል። ድሬብ የሚባል አለቃ ፕሮቲን አለ፤ አንድ እሱ ብቻ በርካታ የድርቅና የብርድ ጂኖችን ያበራል። አራቢዶፕሲስ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲበራ አደረጉት። ድርቁን ቻለች፣ ውርጩን ቻለች። ግን ድንክ ሆና ቀረች። በ1999 ጃፓኖች ይህንኑ ጂን ችግር ሲመጣ ብቻ የሚበራ ማብሪያ አጠገብ አስቀመጡት። መቋቋሟ አልጠፋም፣ ድንክነቷ ግን በአብዛኛው ጠፋ። የተለወጠው የሚበራበት ጊዜ ነው። የማይጠፋው ማንቂያ የገደላትን እርሾ እዚህ ላይ አስታውሷት።

ሩዝ ላይ ደግሞ ያው ውሳኔ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ተፈቷል። ጎርፍ የሩዝ ማሳ ሲውጥ አብዛኛው ሩዝ አየር ፍለጋ ይረዝማል። ስንቁን ይጨርስና ውሃው ሲጎድል ይወድቃል። አንድ የሕንድ የድሮ ዝርያ ግን ሰብ-1ኤ የሚባል ጂን አለው፤ በ2006 ነው የታወቀው። እሱ ሲበራ ሩዙ መርዘሙን ያቆማል። ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ሥር ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፤ ጎርፉ ሲሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። በ2009 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ስኖርክል የተባሉ ጂኖች ታወቁ። እነሱ ያሉት ለወራት ውሃ በሚተኛበት ቦታ የሚበቅል ሩዝ ውስጥ ነው። ሥራቸው ሩዙን ከውሃው በላይ እስኪወጣ ማስረዘም ነው። የሚገርመው ሰብ-1ኤና ስኖርክል የአንድ ቤተሰብ ጂኖች መሆናቸው ነው። የትኛው ይሻላል ቢባል ጎርፉን ነው መጠየቅ። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ውሃው ስንት ቀን ተኝቶ እንደሚሄድ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያ እውቀቱ ነው ምርጫውን የሚወስነው።

ሰብ-1ኤ ሩዙን የሚያቆመው ዴላ የሚባሉትን ፍሬኖች በማጠናከር ነው። ጂበሬሊን ተክልን የሚያስረዝመው እነዚህን ፍሬኖች አስፈርሶ ነው። የስንዴ ምርትን ያበዛው አረንጓዴ አብዮትም እዚህ ጋ ነው ያለው። የሰብል ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ ያስፋፋቸው፣ በ1970 የኖቤል ሰላም ሽልማት ያሸለሙት አጫጭር ስንዴዎች ጂናቸው ምን እንደሆነ የታወቀው በ1999 ነው። ጂበሬሊን ሊያስፈርሰው የማይችል ዴላ ነው። አገዳው ያጥራል፤ ማዳበሪያ ቢበዛም ከነዛላው አይተኛም።

ጤፍ ይህ ችግር አለበት። ነፋስና ዝናብ ሲመታው ይተኛል። በሰው ሠራሽ መንገድ ከተገኙ አጫጭር ጤፎች አንዱ "ቀኝ" የሚል የአማርኛ ስም ወጥቶለታል፤ ወደ ቀኝ ስለሚጠመዘዝ ነው። በእሱ ላይ ግን የተለወጠው ዴላ አይደለም። የሴል አጽም ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ነው። የማጠር መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

ጤፍ ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ አንድ ዘመድ ሣር አለው። ያ ሣር እስኪሰባበር ድረስ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲነካው ተመልሶ ይለመልማል። ዘር ብቻ የሚችለውን ድርቀት ቅጠሉ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው የዘርን ጂኖች ቅጠሉ ላይ ማብራት ቻለ ብሎ ይገምት ነበር። በ2020 ከጤፍ ጋር ሲያወዳድሩት ነገሩ አስቂኝ ሆነ። ጤፍም ውሃ ሲጠማው አብዛኞቹን እነዚያኑ ጂኖች ቅጠሉ ላይ ያበራል። ሣሩ ብቻ የሚያበራቸው ጥቂት ናቸው። በሞትና በትንሣኤ መካከል ያለው ልዩነት ያን ያህል ቀጭን ነው።

የአክስቴ ጠላ ደርሶ ሲጠጣ ጋኑ ውስጥ ስኳሩ ጨርሶ ያልቃል። እርሾዋ መከፋፈል ታቆማለች፣ ግድግዳዋን ታወፍራለች፣ ትሬሃሎስ ታከማቻለች። ከዚያ አተላው ውስጥ ሰጥማ ትቀመጣለች። ባለፈው ገና ከዚያ አተላ አንድ ማንኪያ ወስጄ ለብ ያለ ስኳር ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ሲመሽ አረፋ ይዞ ነበር። አክስቴ ብርጭቆውን አየት አደረገችና "ደግሞ አንተም ጠላ ልትጠምቅ ነው?" አለችኝ።